ያልተተኮሰ ካፖርት

ያን ቀን ዝናብ ባይጥል ኖሮ አንዲት ሴት ትሞት ነበር። እንዲህ ብዬ የምጀምረው ሰው ለማስደንገጥ አይደለም። እኔን የያዘኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘን ጠብቄያለሁ። ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ በጆንያ ላይ የተጻፈውን አንብቤ ለመለየት ያህል ነው የተማርኩት። ግን ጥበቃም የራሱ ትምህርት አለው። ዝም ብሎ ማየትን ያስተምራል። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ያለኝ አንድ ውሻና አንድ ወፍራም ካፖርት ነው። ካፖርቱም ያን ሰሞን እኔ ዘንድ አልነበረም። ገበሩ ተተርትሮ ልብስ ሰፊው ጋ ሰጥቼው ነበር።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ሰው ሲለካ «አንድ ሚሊሜትር እንዳትነቃነቅ!» ስለሚል ነው። ሱቁ ጠባብ ናት። በሩ አጠገብ የስፌት መኪና፣ ጠረጴዛው ላይ የከሰል ካውያ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ ደግሞ የደንበኞች ልብስ። ከኋላ መጋረጃ አለ። ከመጋረጃው ጀርባ እሱና ሚስቱ የሚኖሩባት አንድ ክፍል ናት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ በዚያ ሳልፍ ዝናቡ ዱብ አለ። ከሱቁ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠጋሁ። ውሻዬም ተከትሎኝ ደጃፉ ላይ ተጋደመ።

«ውሻውን ያርቁልኝ!» አለ ሚሊሜትር ከውስጥ።

«ደግሞ ምን አደረገህ?»

«ቤቴን በቅማል ያስወረረው እሱ ነው። በየቀኑ እዚህ ተጋድሞ ያካል። እሱ አክኮ ሲሄድ እኔ እጀምራለሁ።»

«እኔ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አላሳከከኝም።»

«የእርስዎማ ቆዳ ምኑ ይነከሳል? ቅማሉ ጥርሱ ይረግፋል እንጂ።»

መልስ ሳልሰጠው አንዲት ወጣት ጃንጥላዋን እየታገለች ሮጣ ገባች። የእህቱ ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ ባለው ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ሆና ትሠራለች። ለስብሰባ ወደ እኛ ሰፈር መጥታ ዝናቡ መንገድ ዘግቶባት ነው የገባችው። ከአጎቷ ጋር ከተያዩ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር።

ተሳሳሙ። እኔንም በአክብሮት እጅ ነሳችኝ።

«እትዬስ የት ናቸው?» አለች።

«ተኝታለች። ትንሽ ብርድ መቷታል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሚሊሜትር ክር በጥርሱ በጠሰ። «መጀመሪያ አምስት ቀን ያህል አተኮሳት። ራሷን፣ ወገቧን፣ ጉልበቷን ቆረጣት። ከዚያ በአንድ ጊዜ ላብ በላብ ሆነችና ተወት አደረጋት። ተነሥታ ሳምንት ያህል ሠራች፤ ሳቀች፤ ተጫወተች። ከሦስት ቀን በፊት ደግሞ እንደገና ጣላት። ግን አይዞሽ፣ ደግ ምልክት አይቻለሁ።»

«ምን ምልክት?»

«ቅማሉ ለቀቃት!»

ይህን የተናገረው ፈገግ ብሎ ነው። ልጅቱ ግን ፊቷ ተለወጠ። ጃንጥላው ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አላነሣችውም።

«እንዴት ለቀቃት?» አለች ቀስ ብላ።

«ከበሽታው በፊት ከቀሚሷ ስንለቅም ነበር የምንውለው። ዛሬ ጠዋት ቀሚሷን ገልብጬ ቅምቅማቱን ሁሉ ባይ አንድም የለም። ቅማሉ ከሄደ በሽታውም ጓዙን እያሰረ ነው ማለት ነው።»

«የት ሄደ?»

«ማ?»

«ቅማሉ ነዋ አጎቴ! የት ሄደ?»

«ሄደ! ቅማል የት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ደብዳቤ ይጽፍልኛል?»

ልጅቱ አልሳቀችም። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲቆጣ አይቻለሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ፈርታ ነበር። የሚፈራ ሰው ነገሩን አሳጥሮ ነው የሚናገረው።

«ቅማል ክንፍ የለውም፤ አይበርም። እንደ ቁንጫ አይዘልም። በእግሩ ብቻ ነው የሚሄደው። ምግቡ ደም ነው፤ በቀን ደጋግሞ ካልጠጣ አይኖርም። የሚወደው የጤነኛ ሰው ገላ ሙቀት ነው። ሰውየው በትኩሳት ሲነድ ግን አይችለውም፤ ትቶት አጠገቡ ወዳለው ይሸሻል። ሬሳንም እንዲሁ ሲበርድ ትቶት ይሄዳል። እትዬን የለቀቃቸው ስለዳኑ አይደለም። ስለነደዱ ነው።»

ሚሊሜትር መርፌውን እንደያዘ ቀረ። እኔም ከቆርቆሮው ሥር ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባሁ። በሕይወቴ ስንት ጊዜ «ቅማል ከለቀቀው ይድናል» ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ ብዬዋለሁ። ለማን እንዳልኩትም አልረሳሁም። ያልኩት ለመጋዘን ባልደረባዬ እናት ነበር። ልጇ በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ሚሊሜትር ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረታ ሰው አይደለም።

«አንቺ ልጅ፣ ተምረሻል፤ እሰየው። ግን እኔም ስድሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ቅማል የሚወጣው ከሰው ከራሱ ነው። ከላብና ከሐዘን ይፈጠራል። እሷም አምና ወንድሟ የሞተ ጊዜ ነው የጀመራት።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ከሐዘን ከመጣ ታዲያ ውሻዬ ምን በደለ?»

ሚሊሜትር ወደ ውሻው አየ። ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

«ውሻቸው ነጻ ነው አጎቴ። ቅማል የየራሱ እንስሳ አለው። የላም ቅማል ላም ላይ፣ የአሳማ ቅማል አሳማ ላይ፣ የሰውም ሰው ላይ ነው የሚኖረው። እርስዎ ለአንዱ ደንበኛ የለኩት ሱሪ ለሌላው እንደማይሆነው ሁሉ፣ የቅማልም ጥፍር ለዚያው ለራሱ እንስሳ ጠጉር ተለክቶ የተሠራ ነው። የውሻ ቅማል እርስዎ ላይ ቢወድቅ ሳይረባ ይሞታል። ከሐዘንም አይፈጠርም። ከቅጫም ነው የሚፈለፈለው። ቅጫሙም እንደ ሙጫ ተለጥፎ የሚገኘው እርስዎ ከማንም በላይ በሚያውቁት ቦታ ነው።»

«የት?»

«ቅምቅማቱ ውስጥ። ከአንገትጌው እጥፋት፣ ከብብት፣ ከወገብ ስፌት። ቤቱ ልብሱ ነው፤ ወደ ገላ የሚመጣው ለመብላት ብቻ ነው።»

«ርዝመቱስ ስንት ነው?» አልኳት፤ ማወቅ ፈልጌ።

«ትልቁ ሦስት ሚሊሜትር ይሆናል።»

እኔ ሳቅኩ። ልብስ ሰፊው አልሳቀም። ዓይኑ ሽቦው ላይ በተንጠለጠሉት ልብሶች ላይ ይሄድ ጀመር፤ ከአንገትጌ ወደ ብብት፣ ከብብት ወደ ወገብ። ሁሉንም ስፌት ያውቀዋል። ብዙውን የሰፋው እሱ ነው።

«እሺ ይሁን» አለ በመጨረሻ። «ቅማል አለ። ግን እኛ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ሰፈር ውስጥ እንደ ሚስቴ ያለ ለቃሚ የለም። የደንበኛ ልብስ ከመስፋቴ በፊት እሷ ትፈትሻለች። ባገኘች ቁጥር በሁለት አውራ ጣቷ ጥፍር ጧ! ታደርገዋለች። እኔም እንዲሁ። ጥፍሯ ከካውያ ይበልጣል እያልኩ ነው የማሾፍባት።»

ልጅቱ እጁን ሳብ አድርጋ አውራ ጣቱን ወደ ብርሃን አቀናችው። የልብስ ሰፊ ጣት ነው። መርፌ የወጋው፣ የተሰነጠቀ፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበት።

«የእትዬም ጣት እንዲህ ነው?»

«ቁልፍ የምትተክለው እሷ አይደለች እንዴ? ከኔ ይብሳል።»

«አጎቴ፣ ይስሙኝ። ይህ በሽታ የሚያገረሽ ትኩሳት ይባላል። ያማል፣ ይሻላል፣ ያገረሻል፤ እርስዎ አሁን እንደነገሩኝ ነው። የሚያመጣው ነገር ያለው በቅማሉ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ቅማሉ ሲነክስ አይደለም የሚያስተላልፈው። ሲፈነዳ ነው። በጥፍር ስትጨፈልቁት ፈሳሹ በተወጋው ጣት፣ በታከከው ቆዳ ይገባል። ዓይናችሁን ስትነኩም በዚያው ይገባል።»

«ስለዚህ…»

«ስለዚህ እትዬን የጣላቸው ቆሻሻነት አይደለም። ጽዳት መስሏቸው የሠሩት ሥራ ነው።»

ሚሊሜትር አውራ ጣቱን እንደ ሌላ ሰው ጣት አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ ሱሪው ላይ ጠረገው። ደግሞ ሱሪውን አየና እጁን ወደ አየር አነሣ፤ የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት። ስንት ዓመት የኮራበት ጣት ነው። እኔም የራሴን ጥፍር አየሁ። በመጋዘን ዘመኔ ስንቱን በዚያ ጥፍር ጧ እንዳደረግኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

«ተነሡ፤ አሁኑኑ ሆስፒታል እንውሰዳቸው» አለች ልጅቱ።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«ሰው ምን ይላል? የልብስ ሰፊው ሚስት ቅማላም ናት ይባልብኛል። ከዚያ በኋላ ማን ነው እዚህ ልብስ የሚያመጣው? ደግሞ ፀጉሯን ይላጯታል። እሷ ያለ ፀጉሯ ከምትወጣ…»

«ፀጉራቸውን ማንም አይነካም። ይህ የልብስ ቅማል ነው፤ የሚለወጠው ልብሳቸው ነው። ስለ ስምዎ ደግሞ ልንገርዎት። ቅማል ደህና ሰውንና መጥፎ ሰውን አይለይም። ሀብታሙንም ቢሆን ሁለት ወር በአንድ ልብስ ያስተኙት፤ ቅማል ያፈራል። የሚለየው ልብሱ የሚቀየርና የሚተኮስ መሆኑን ብቻ ነው።»

«ባትሄድስ? ባለፈው እንደተዋት አሁንም ቢተዋት?»

ልጅቱ ወደ መጋረጃው ተመለከተች። «ካልታከመ ከአሥር ሰው ቢያንስ አንዱ ይሞታል። አንዳንድ ጊዜ ሦስት አራቱ። እትዬ የትኛው እንደሚሆኑ እኔ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?»

መልሱን አልጠበቀችም። ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠች። እኔ መግባት አልነበረብኝም። ግን የዘበኛ ዓይን ተከፍቶ የተተወ በር አያልፍም።

ክፍሏ ንጹሕ ነበረች። ወለሉ ተጠርጓል፤ ዕቃው በሥርዓት ተደርድሯል። አልጋው ላይ ግን ሰው አይታይም። የሚታየው የልብስ ቁልል ነው። ካፖርት በካፖርት ላይ፣ ጃኬት በጃኬት ላይ። ከቁልሉ ጫፍ የሴትዮዋ ፊት ወጥቷል፤ ቀልቷል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ቁልሉ ሁሉ ከእሷ ጋር ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ልጅቱ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ።

«በረዳት» አለ ሚሊሜትር። «ያለን ብርድ ልብስ አንድ ነው። ታዲያ ሽቦው ላይ ይህን ያህል ካፖርት ተንጠልጥሎ ሚስቴ እየተንቀጠቀጠች ልያት? አለብሳታለሁ። ደንበኛ ሲመጣ አነሣና አጥፌ እሰጣለሁ። ማንም አላወቀም።»

እኔ ያየሁትን አየሁ። ከሁሉም በላይ የተደረበው ካፖርት አንገትጌው ላይ የብረት ቁልፍ አለው። በራሴ እጅ የተከልኩት ቁልፍ ነው። የኔ ካፖርት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ቅማላም ሰው ሳይ ፊቴን አዙሬ አልፌያለሁ። አጠገባቸው መቆም እንኳ እጠየፍ ነበር። አሁን ጎንበስ ብዬ በጣቴ ሳልነካው አንገትጌውን አየሁት። በእጥፋቱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሁለተኛው። ደም ጠጥቶ የጠቆረ ሆድ ነበራቸው። የማን ደም እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ካፖርትዎ ይከብዳል ጋሼ» አለች በቀጭን ድምፅ። «እንደ ጠባይዎ ነው።»

ያን ጊዜ ልጅቱ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ያ ጥያቄ ነው ነገሩን ሁሉ የለወጠው።

«አጎቴ፣ ከዚህ ላይ አንሥተው በዚህ ሰሞን ለባለቤቱ የሰጡት አለ?»

ሚሊሜትር በርጩማው ላይ ተቀመጠ። መቀመጡን ራሱም ያወቀ አይመስለኝም።

«ሁለት» አለ። «አንዱ የዳቦ ጋጋሪው ካፖርት ነው፤ ትናንት ጠዋት ወሰደ። አንዱ የጡረተኛዋ አስተማሪ ነው፤ ከትናንት ወዲያ።»

«ዳቦ ጋጋሪው ቤት ሕፃን ልጅ አለ» አልኩ። ባልናገር ይሻል ነበር። ግን እውነት ነው፤ አለ።

ሚሊሜትር ፊቱን በሁለት እጁ ሊሸፍን አነሣና አውራ ጣቱ ትዝ ብሎት መልሶ አወረደው። ከዚያ በኋላ «አይሆንም» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

ቁልሉን ልጅቱ አንድ በአንድ አነሣችው፤ እያራገፈች ሳይሆን በጥንቃቄ እየጠቀለለች። እኔ በትልልቅ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትቼ አፉን አሰርኩ። ማሰር ሥራዬ ነበር። የታሰረ ልብስ ውስጥ ያለ ቅማል ደም አጥቶ በቀናት ውስጥ እንደሚሞት፣ ቅጫሙም ጭምር እንዲያልቅ ግን ሁለት ሳምንት ሳይፈቱ ማቆየት እንደሚገባ ነገረችኝ። ሴትዮዋን የታጠበ ልብስ አልብሰን በታክሲ ወሰድናት። እጃችንንም በሳሙና ታጠብን። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

ሆስፒታል ከጣቷ አንድ ጠብታ ደም ወሰዱ። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር። ሚሊሜትር በሩ ላይ ሲንቆራጠጥ አይቶ «ይምጡ፣ ራስዎ ይዩት» ብሎ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰው።

ረጅም ጊዜ አየ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ክር ነው» አለኝ። «ጋሼ፣ በሚስቴ ደም ውስጥ ክር አለ። እንደ ተጠመዘዘ ክር ሆኖ ይሄዳል። አርባ ዓመት ክር ይዣለሁ፤ የሚሄድ ክር አይቼ አላውቅም።»

እኔ ለማየት አልጠየቅኩም። ፊቱን ማየት በቃኝ።

መድኃኒቱን በመርፌ ከመስጠታቸው በፊት ልጅቱ አጎቷን ወደ ጎን ጠራችው። «አሁን የምነግርዎትን አይርሱ። መድኃኒቱ ያን ክር በአንድ ጊዜ ሲገድለው ለጥቂት ሰዓት ይብስባቸዋል። ይንቀጠቀጣሉ፤ ያተኩሳቸዋል። ስለዚህ ነው ቤት ሳይሆን እዚህ የሚቆዩት። እንዳይደነግጡ።»

«አልደነግጥም» አለ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መንቀጥቀጡ መጣ። የብረት አልጋው ወለሉን እየመታ ይጮህ ነበር። ሚሊሜትር የነገሩትን ሁሉ ረሳ።

«አንቺ ልጅ፣ ገደልሽብኝ! ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ! ቤቴ ትሙት!» ብሎ ሊያነሣት ሲል ክንዱን ያዝኩት። ዘበኛ በነበርኩ ጊዜ ሌባ የያዝኩበት እጅ ነው። አሁንም ይሠራል።

«ተነግሮህ ነበር» አልኩት።

«ተነግሮኝ ነበር?»

«ተነግሮህ ነበር። የተነገረህ እየሆነ ነው። የነገረችህ ታውቃለች ማለት ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ሐኪሙ ከአጠገቧ አልተለየም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ላቧ ፈሰሰ፤ ትኩሳቱ ወረደ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የጠየቀችው «የዳቦ ጋጋሪው ካፖርት እጅጌው ተቀምቅሟል?» ብላ ነው። ባሏ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚሊሜትር ቤቴ መጣ። ካውያውንና ከሰል ይዟል።

«አብረውኝ ይሂዱ» አለኝ። «ብቻዬን አፌ አይፈታልኝም።»

«ምን ልትላቸው ነው?»

«ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እርጥበት ገብቶበታልና ልተኩስላችሁ ልበላቸው?»

«ውሸት ነው።»

«ውሸት ነው። ግን ቅማሉ ይሞታል።»

«ቅማሉ ይሞታል። በሽታው ቀድሞ ገብቶ ከሆነስ? ሳምንት ቆይቶ ሲያተኩሳቸው ብርድ ነው ብለው ይተኛሉ። እንደ ሚስትህ።»

ብዙ አላሰበም። ከሰሉን ለእኔ ሰጠኝና ቀደመኝ።

ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት በዱቄት ሆኖ በሩን ከፈተ። ሚስቱ ልጇን ታቅፋ ከኋላው ቆማለች። ሚሊሜትር ደፍ ላይ ቆሞ ሳይገባ ተናገረ።

«በደል ሠርቻለሁ። ሚስቴ ታማ ካፖርትህን አለበስኳት። በሽታዋ በቅማል የሚመጣ ትኩሳት ነው። ቅማሉ ከካፖርትህ ጋር ወደ ቤትህ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ካውያዬን ይዤ መጥቻለሁ። ከፈቀድክልኝ እዚሁ እተኩሰዋለሁ። ካልፈቀድክም ብትሰድበኝ መብትህ ነው።»

የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ጮኸች።

«ትናንት ልጄን ጠቅልዬበታለሁ!»

ልጁ ስምንት ወር የሞላው አይመስለኝም፤ በእናቱ ፀጉር ይጫወት ነበር። ካፖርቱን አመጡ። ሚሊሜትር ገለበጠው፤ የአንገትጌውን እጥፋት ከፈተ። አራት ነበሩ። ከስፌቱ ሥር ደግሞ ነጫጭ ቅጫም እንደ ተደረደረ ዶቃ ተያይዟል። እናትየው ልጁን ይዛ እስከ ግድግዳው ወደ ኋላ ሄደች።

«ምድጃው ውስጥ ብንከተውስ?» አለ ዳቦ ጋጋሪው በደነገጠ ድምፅ።

«ከዚያ ዳቦህን ማን ይበላልሃል፣ አንተ ሞኝ!» አለችው ሚስቱ። ሳቅ አመለጠን። ድንጋጤ ሲበዛ ሳቅ ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ግን ረዳን።

ሚሊሜትር ካውያውን አጋለና ከውስጥ በኩል ቅምቅማቱን እየተከተለ ተኮሰው። ሳይቸኩል ሄደ፤ አንድ ሚሊሜትር አልዘለለም። ከካውያው ሥር ጠሽ፣ ጠሽ የሚል ድምፅ ይሰማል። የልጁንም ልብስ ተኮሰ፤ መቀቀል የሚችለውን እናትየው ቀቀለችው። ከዚያ የልጅቱን ቃል ነገራቸው። በጥፍር እንዳትጨፈልቁ፤ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ ከቤቱ ሰው ማንንም ቢያተኩሰው ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ይህንንም ታሪክ ንገሩት።

ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ቤት ሄድን። አስተማሪዋ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። እስኪጨርስ ሰማችው።

«ተማሪ ብትሆን ኖሮ» አለችው፣ «ለጥፋትህ አንበረክክህ ነበር፤ ስለተናገርክ ደግሞ አነሣህ ነበር። ካውያህን አግልና ግባ።»

የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ምንም አልሆነም። አስተማሪዋን ግን በዘጠነኛው ቀን አተኮሳት። ብርድ ነው ብላ አልተኛችም። በዚያው ሰዓት ተነሥታ ሆስፒታል ሄደች፤ ለሐኪሙም የካፖርቱን ታሪክ አስቀድማ ነገረችው። ደሟን አዩ፤ ክሩ ነበረ። በጊዜ ስለታከመች በሦስተኛው ቀን በእግሯ ተመለሰች። ብቻዋን የምትኖር የሰባ አራት ዓመት ሴት ነገሩን ባታውቅ ኖሮ ማን ያገኛት ነበር? ሚሊሜትር ያን ጠዋት «እርጥበት ገብቶበታል» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔ ይህን አላወራም ነበር። አፍሬ ዝም እል ነበር።

ቅማሉን መጀመሪያ ያመጣው የማን ልብስ እንደሆነ አልታወቀም። ልጅቱም «አትፈልጉት» አለችን። «ጥፋተኛ ስትፈልጉ ሰው ልብሱን ይደብቃል። ልብስ ሲደበቅ ቅማል ይራባል።»

ሚሊሜትር የፈራው ነገር ጥቂት ደርሶበታል። ሁለት ሦስት ደንበኞች ቀሩበት። ነገር ግን ሱቋ ዛሬ ሌላ ሱቅ ናት። የመጣ ልብስ ሁሉ ከመሰፋቱ በፊት ተገልብጦ ይተኮሳል። ከመሰጠቱ በፊትም ይተኮሳል። ካውያ የማይችለው ልብስ በከረጢት ታስሮ ይቆያል። ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ብርድ ልብስ ገብቷል፤ አንዱን የሰጡት ዳቦ ጋጋሪውና ሚስቱ ናቸው። ሚሊሜትርና ሚስቱ በየሳምንቱ ገላቸውን ታጥበው ልብስ ይለውጣሉ፤ የለወጡትን ይቀቅላሉ። ማከክ ቀርቷል፤ እንቅልፍ ተመልሷል። ሴትዮዋ የምትኮራበትን የአውራ ጣቷን ጥፍር ከሥሩ ቆረጠችው። ደንበኛው ለምን ሁሉም ነገር እንደሚተኮስ ሲጠይቅ እሷው ናት የምትመልሰው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታፍር ትነግረዋለች። ቀርተውበት የነበሩት ደንበኞችም ይህን ሰምተው ተመለሱ። የሚተኩስ ልብስ ሰፊ ሌላ የት ያገኛሉ?

እኔ ካፖርቴን የወሰድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ከረጢቱን ራሴ ፈታሁት። ሚሊሜትር ገበሩን ሰፋ፤ ገለበጠው፤ ከአንገትጌው እስከ ጫፉ ተኮሰው። ውሻዬ ደጃፉ ላይ ተጋድሞ ያክ ነበር።

«ይከክ» አለ ሚሊሜትር ሳይጠየቅ። «የራሱን ነው።»

ካፖርቱን ተቀብዬ ለበስኩት። ትከሻዬን አቃጠለኝ።

«ትኩስ ነው» አልኩት።

«እሱ ይተኮስ ጋሼ» አለኝ፤ «እርስዎን ከሚያተኩስዎት።»